ተጥያለሁ ብሎ ያዘነ ሰው፤ የዊልያም ኩፐር የሕይወት ታሪክ

ውድ አንባቢ ሆይ፥ በክርስቲያን ላይ ከሚደርሰው መከራ ሁሉ እጅግ የሚከብደው ራብ ወይም ደዌ ወይም የዘመድ ሞት አይደለም። እነዚህ ሲመጡ ሰው ወደ አምላኩ ይጮኻልና መጠጊያ አለው። የሚከብደውስ ሰው ሲጮኽ ሰማይ እንደ ናስ ሲሆንበት፥ ጸሎቱ ከቤቱ ጣራ በላይ የማይወጣ ሲመስለው፥ እግዚአብሔር ለሌላው ሁሉ አባት ሆኖ ሳለ አንተን ብቻ ጥሎሃል ብሎ ልቡ ሲነግረው ነው። ስለዚህ ነገር ብዙ ትምህርት ከማብዛት ይልቅ የአንድን ሰው ሕይወት ልነግርህ ወደድሁ። ይህ ሰው ዊልያም ኩፐር የሚባል እንግሊዛዊ ባለቅኔ ነው። የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመህ ግን ይህን እወቅ። እንደ ብዙዎች ታሪኮች የዚህ ሰው ልቅሶ በዚህ ዓለም ሳለ ወደ ደስታ አልተለወጠም። እኛ ያዘነውን ሰው ስናጽናና ሁሉ ያልፋል እንላለን፤ ለኩፐር ግን አላለፈም። ስለዚህም ታሪኩ መከራቸው ላላለፈላቸው ሰዎች ይጠቅማል።

ኩፐር በ1731 በእንግሊዝ አገር በርክሃምስተድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የዚያ ስፍራ ቄስ ነበረ። እናቱ በ1737 ታናሽ ወንድሙን ወልዳ ሞተች፤ እርሱም በዚያ ጊዜ ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከዚያም ወደ አዳሪ ተማሪ ቤት ሰደዱት፤ በዚያም አንድ በዕድሜ የሚበልጠው ልጅ በስውር ያሠቃየው ነበር። ሕፃኑ ከፍርሃቱ ብዛት የተነሣ ዓይኑን ወደዚያ ልጅ ፊት ማንሣት ስላልቻለ፥ ከመልኩ ይልቅ በጫማው ዘለበት ያውቀው ነበር። እንግዲህ አስተውል፤ ልቡ ገና ለጋ ሳለ ቆሰለ፥ ቍስሉም ከእርሱ ጋር አደገ።

ካደገ በኋላ ሕግ ተምሮ በ1754 ጠበቃ ሆነ፤ ነገር ግን ሥራው ደስ አላሰኘውም። የአጎቱን ልጅ ወድዶ ሊያገባት ፈለገ፤ አባትዋም ከለከለ። በ1763 አንድ ባለሥልጣን ዘመዱ በእንግሊዝ ፓርላማ በመኳንንቱ ምክር ቤት የጸሐፊነት ሹመት አገኘለት። ይህ ለሌላ ሰው ትልቅ ዕድል ነበር፤ ነገር ግን ሹመቱን ለመቀበል በምክር ቤቱ ፊት ቆሞ መመርመር አስፈለገው። ቀኑ በቀረበ ቍጥር ፍርሃቱ እየበረታ ሄዶ አእምሮው ታወከ፥ ራሱንም ሊያጠፋ ሞከረ። እግዚአብሔር ግን ከሞት ጠበቀው።

በዚያ ዘመን አእምሮአቸው የታወከ ሰዎች ብዙ ጊዜ በሰንሰለት ይታሰሩና ይናቁ ነበር። ኩፐርን ግን ወንድሙ ሴይንት ኦልበንስ በሚባል ከተማ ወደሚኖር ናትናኤል ኮተን ወደሚባል ሐኪም ወሰደው። ይህ ሐኪም እግዚአብሔርን የሚፈራና ርኅሩኅ ሰው ነበረ። ኩፐር በዚያ ቤት ብዙ ወራት ተፈርዶብኛል እያለ ተቀመጠ። በ1764 በሐምሌ ወር ግን አንድ ቀን በመስኮት አጠገብ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ገለጠ፤ ዓይኑም በሮሜ መልእክት በምዕራፍ 3 ቍጥር 25 ላይ ዐረፈ። በዚያም እግዚአብሔር ክርስቶስን በደሙ የኀጢአት ማስተስረያ አድርጎ እንዳቆመው አነበበ። በዚያች ሰዓት ሸክሙ ወረደለት፤ ከደስታው ብዛት የተነሣ ለብዙ ጊዜ ያለ እንባ መናገር አልቻለም።

አንባቢ ሆይ፥ ብዙዎች የምስክርነት ታሪኮች በዚህ ስፍራ ይፈጸማሉ። የኩፐር ታሪክ ግን ገና መጀመሩ ነው።

በ1765 ከሐኪሙ ቤት ወጥቶ ሀንቲንግደን ወደሚባል ከተማ ሄደ፤ በዚያም የአንዊን ቤተ ሰብ እንደ ልጅ አድርገው ተቀበሉት። በ1767 የቤቱ ጌታ ቄስ አንዊን ከፈረስ ወድቆ ሞተ። በዚያን ጊዜ ጆን ኒውተን የሚባል ቄስ ሊያጽናናቸው መጣ፤ ኩፐርና የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ሜሪ አንዊንም እርሱ ወደሚያገለግልበት ኦልኒ ወደሚባል ከተማ ሄዱ። ይህ ኒውተን በጕልማሳነቱ የባሪያ መርከብ አለቃ ነበረ፤ ከምዕራብ አፍሪቃ ሰዎችን እየጫነ በባሕር ማዶ ይሸጥ ነበር። በ1748 በታላቅ ማዕበል መካከል ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ነገር ግን እስከ 1754 ድረስ ከዚያ ክፉ ንግድ አልወጣም። እግዚአብሔር የሰውን ልብ ቀስ በቀስ የሚያነጻበት ጊዜ እንዳለ በዚህ እንማራለን።

የኦልኒ ሰዎች አብዛኞቹ ድሆች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ዳንቴል እየሠሩ በጥቂት ዋጋ ይኖሩ ነበር። ኩፐር ከኒውተን ጋር በየቤቱ እየዞረ ሕሙማንን ይጠይቅ፥ ለድሆችም ይመጸውት፥ በጸሎት ጉባኤም ይጸልይ ነበር። በ1771 ሁለቱ ወዳጆች ለእነዚህ ድሆች የሚሆን መዝሙር አብረው ሊጽፉ አሰቡ። መጽሐፉ በ1779 ሲታተም 348 መዝሙሮች ነበሩበት፤ ከእነዚህም ከ60 የሚበልጡት የኩፐር ናቸው። የቀሩት የኒውተን ናቸው፤ ስለ ድንቅ ጸጋ የጻፈውና እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚዘመረው መዝሙር ከእነርሱ አንዱ ነው።

ኩፐር ግን ብዙ መዝሙር ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም። በ1773 መጀመሪያ የቀድሞው ጨለማ ተመለሰበት። በዚያም ወራት አንድ አስፈሪ ሕልም አየ፤ በሕልሙም የፍርድ ቃል ሰማ፥ ነገሩም እንደ ተፈጸመና ተስፋው እንደ ተቈረጠ ሆኖ ተሰማው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክርስቶስ ለሰው ሁሉ መድኃኒት ነው፥ እኔ ግን ከሰው ሁሉ ተለይቼ ተጥያለሁ ብሎ ያምን ነበር። ቤተ ክርስቲያን መሄድን ተወ። መጸለይም የተከለከለበት ስለ መሰለው፥ በማዕድ ሌሎች ሲጸልዩ እርሱ ከጸሎታቸው አይተባበርም ነበር። እነሆ፥ ብዙ ሰዎች በመዝሙሩ ሲጽናኑ መዝሙሩን የጻፈው እርሱ ግን አንዲት ቃል ወደ ሰማይ ለመላክ አልደፈረም።

አስተውል፤ ይህ ሰው እግዚአብሔርን የካደ አልነበረም። እግዚአብሔር እንዳለ፥ ቸርም እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። ኀዘኑን ያበዛውም ይህ ነው፤ የማይወድደውን አባት ያጣ ሰው እንዲህ አያለቅስምና።

አሁን ደግሞ በዙሪያው የነበሩ ክርስቲያኖች ምን እንዳደረጉ ተመልከት፤ የዚህች ትንሽ ጽሑፍ ዋና ነገር በዚህ ነውና። ኒውተን የታመመውን ወዳጁን ወደ ገዛ ቤቱ ተቀበለው፤ ኩፐርም በዚያ ከ1 ዓመት በላይ ተቀመጠ። ኒውተን እጅግ የታወቀ ሰባኪ ነበረ፤ ነገር ግን ወዳጁን ስለ እምነትህ ማነስ ነው ብሎ አልገሠጸውም፥ የተሰወረ ኀጢአትህን ተናዘዝ ብሎም አላስጨነቀው። ከእርሱ ጋር በሜዳ ይመላለስ፥ በዝምታም አብሮት ይቀመጥ ነበር። ወይዘሮ ሜሪም ቀንና ሌሊት ታስታምመው ነበር። ሕሙሙ ሰው ሁሉ ጠላኝ፥ ከሰውም ሁሉ ይልቅ እርስዋ ጠላችኝ ብሎ ያስብ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከእርስዋ በቀር ሌላ ሰው እንዲያገለግለው አይወድም ነበር። እርስዋም ስለዚህ ንግግር አልተቈጣችም፥ ከአጠገቡም አልራቀችም።

ጥቂት በተሻለው ጊዜ እጆቹ ሥራ ይዘው እንዲቈዩ አደረገ። በ1774 ሦስት የጥንቸል ዓይነት የዱር ግልገሎች አምጥተውለት አሳደጋቸው፤ አንዱም 12 ዓመት ያህል ከእርሱ ጋር ኖረ። እንጨት ይጠርብ፥ አትክልትም ይተክል ነበር። ከዚያ ወይዘሮ ሜሪ ቅኔ እንዲጽፍ መከረችው። በ1782 የመጀመሪያውን የቅኔ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 50 ዓመት ነበር። በ1785 ትልቁ ሥራው ወጣ፤ በእንግሊዝ አገርም ሁሉ ስሙ ተጠራ። በ1788 ስለ አፍሪቃውያን ባሮች መከራ ቅኔዎችን ጻፈ፤ እነርሱም በብዙ ቅጂ ታትመው በሕዝቡ መካከል ተዘሩ። በዚያው ዓመት ኒውተንም የባሪያ ንግድን ክፋት እንደ ዐይን ምስክር ጽፎ አሳተመ። በ1807 የእንግሊዝ ፓርላማ ያን ንግድ ከለከለ። እንግዲህ እግዚአብሔር ጥሎኛል ብሎ ያመነው ሰው፥ ሰዎች የጣሉአቸውን ባሮች አልጣለም። የራሱ ቍስል የሌላውን ሰው ቍስል እንዲያይ አስተማረው።

በ1790 አንዲት ዘመዱ የእናቱን ሥዕል ላከችለት። እናቱ ከሞተች 52 ዓመት አልፎ ነበር፤ እርሱ ግን ሥዕሉን ስሞ፥ ሌሊት ሲተኛ በመጨረሻ፥ ማለዳ ሲነቃም በመጀመሪያ በሚያየው ስፍራ ሰቀለው። ስለዚያም እጅግ የሚያምር ቅኔ ጻፈ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወይዘሮ ሜሪ በሽባነት ደዌ ተመታች። በዚያን ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ፤ ታስታምመው የነበረችውን እርሱ ያስታምማት ጀመር። እጅዋን ይዞ ያስኬዳት፥ ስታዝንም አጠገብዋ ይቀመጥ ነበር። በ1795 ጆን ጆንሰን የሚባል ወጣት ዘመዱ ሁለቱንም ወደ ኖርፎክ አውራጃ ወሰዳቸው። በ1796 በታኅሣሥ ወር ሜሪ ሞተች። ኩፐርም ከዚያ በኋላ አልተጽናናም። በ1799 በመጨረሻ ከጻፋቸው ቅኔዎች አንዱ ከመርከብ ወደ ባሕር ስለ ወደቀ መርከበኛ ነው፤ ጓደኞቹ በማዕበሉ ምክንያት ሊመለሱለት አልቻሉም። ኩፐርም በዚያ ሰው የራሱን ነፍስ ያይ ነበር። በ1800 በሚያዝያ 25 ቀን በኢስት ዲራም ከተማ በ68 ዓመቱ ዐረፈ። ከሞተ በኋላ ጆንሰን ፊቱን ሲመለከት የቈየው ጭንቀት ጠፍቶ ዕርጋታና ቅዱስ መደነቅ የታየበት ሆኖ አገኘው። ይህ ምን እንደ ነበረ እኛ ልንፈርድ አንችልም፤ የፊት መልክም የእምነታችን መሠረት አይደለም። መሠረታችን ሌላ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን?

መጀመሪያ፥ ተጥያለሁ ብሎ መሰማትና በእውነት መጣል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንማራለን። በሐምሌ ወር ደመና ሰማዩን ሸፍኖ ፀሐይ ብዙ ቀን ሳትታይ ትቀራለች፤ ነገር ግን ገበሬ ፀሐይ ሞታለች ብሎ እርሻውን አይተውም። ንዳድ የያዘው ሕፃን ደግሞ እናቱ በአንቀልባ አዝላው ሳለች እናቴ ወዴት ነሽ እያለ ይጮኻል፤ በትኵሳቱ ብዛት እርስዋን አላወቃትምና ጀርባዋን ይመታል። እናቲቱ ግን አላወቀኝም ብላ አታወርደውም፤ አንቀልባውን አጥብቃ ታስራለች እንጂ። የሕፃኑ ደኅንነት እርሱ እናቱን በመያዙ አይደለም፥ እናቱ እርሱን በመያዝዋ ነው። የእኛም መዳን እንዲሁ ነው። እምነታችን ሲደክም የክርስቶስ ክንድ አይደክምም። ኩፐርን በ1764 ያዳነው ቃል በ1773 ሐሰት አልሆነም፤ የተለወጠው የሕሙሙ ስሜት ነው እንጂ የእግዚአብሔር ፍርድ አይደለም።

ሁለተኛ፥ ይህ ጩኸት በእግዚአብሔር ቤት እንግዳ አለመሆኑን እንማራለን። በግዕዙ ዳዊት ሰማንያ ሰባተኛውን መዝሙር አንብብ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልቅሶ ነው፥ እንደ ሌሎቹም በምስጋና አይዘጋም። እግዚአብሔር ግን ያን ልቅሶ ከመጽሐፉ አላወጣውም፤ ሕዝቡ እንዲጸልይበት ጠበቀው እንጂ። ከዚህም የሚበልጥ አለ፤ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ራሱ በመስቀል ላይ ሳለ የመተውን ጩኸት ጮኸ። ስለዚህ ተጥያለሁ የሚል ሰው የደረሰበት ጥልቅ ጕድጓድ ባዶ አይደለም፤ መድኃኒታችን ቀድሞ ወርዶበታል። መከራ ለምን እንደ መጣ ሁልጊዜ አይነገረንም፤ ኢዮብም ምክንያቱ አልተነገረውም። በመከራው ውስጥ ማን እንዳለ ግን ተነግሮናል።

ሦስተኛ፥ እንዲህ ባለው ሰው ፊት ክርስቲያን እንዴት ሊመላለስ እንደሚገባው እንማራለን። በአገራችን ሰው ሲሞት እንዴት ማጽናናት እንዳለብን እናውቃለን። ለቅሶ ቤት እንሄዳለን፥ እህልና ውኃ እንወስዳለን፥ ብዙ ሳንናገር አብረን እንቀመጣለን። ነገር ግን ሬሳ የሌለበት ለቅሶ አለ፤ ይኸውም ልቡ የሞተበት ሰው ለቅሶ ነው። ወደዚህ ሰው ቤት ማንም እህል ይዞ አይሄድም። አንዱ ቡዳ በላው ይላል፥ ሁለተኛው የአባቱ ኀጢአት ነው ይላል፥ ሦስተኛው ክርስቲያን ከሆነ ለምን ደስ አይለውም ይላል። እንዲህ የሚሉት የኢዮብን ወዳጆች ይመስላሉ። እነዚያ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው ይከሱት ሲጀምሩ ግን በደሉ።

አንተስ ከቤተ ሰብህ ወይም ከጎረቤትህ አንዱ እንዲህ ቢሆን ኒውተንንና ሜሪን ምሰል። ወደ እርሱ ሂድ፤ በአንድ ቀንም አይለወጥምና ደጋግመህ ሂድ። መጸለይ አልችልም ቢልህ አትቈጣው፤ አንተ ስለ እርሱ ጸልይ። ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው ወደ ጌታ እንዳመጡት አስብ፤ ጌታም የተሸካሚዎቹን እምነት አየ። ለእጁ የሚሆን ቀላል ሥራ ስጠው። ወደ ሐኪምም ውሰደው፤ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ የአእምሮ ሕመም ነውና፤ በኩፐር ዘመን ያልነበረ መድኃኒት በእኛ ዘመን አለ። ወደ ሐኪም መሄድም እምነት ማጣት አይደለም፤ ኮተንም ሐኪም ነበረና እግዚአብሔር በእጁ ሠራ።

ምናልባት ግን አንባቢ ሆይ፥ ተጥያለሁ የምትለው አንተው ራስህ ትሆን ይሆናል። እንግዲያስ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ ይህን ስማ። ሞት ከሕይወት ይሻላል የሚል አሳብ ቢመጣብህ ብቻህን አትቀመጥ፤ ዛሬውኑ ተነሥተህ ለምታምነው ሰው ንገር። በጨለማ የሰማኸውን ፍርድ የእግዚአብሔር ፍርድ ነው አትበል፤ ኩፐርም በሕልም የሰማውን ቃል 27 ዓመት አመነው፥ ያ ቃል ግን ከወንጌል አልመጣም። መጸለይ ቢያቅትህ ዝም ብለህ በእግዚአብሔር ፊት ተቀመጥ፤ መቃተትህንም እርሱ ያነብበዋል። ፍሬ የለኝም አትበል፤ እርሱ የማይጠቅም ሰው ነኝ ብሎ ሲያለቅስ መዝሙሩ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ያጽናና ነበር፥ እርሱ ግን አላየውም። የአንተም ፍሬ በዓይንህ ሳታየው በሌላ ሰው ቤት እየበሰለ ይሆናል።

የምሕረት አባት፥ የመጽናናትም ሁሉ አምላክ፥ በጨለማ ያሉትን ሁሉ በክንዱ ይያዝ፤ እኛንም ከእነርሱ የማንርቅ ታማኝ ወዳጆች ያድርገን። አሜን።